መኪናው በቻይንኛ፣ ወይኑ በፈረንሳይኛ

እናንተ እኩዮቼ፣ ጉልበታችሁ ከድቷችሁ ጆሯችሁ ግን አልደነቁር ያላችሁ ሁሉ፣ ቀረብ በሉና ስሙኝ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይሉ ነበር አባቶቻችን። የዘንድሮ ጉድ ግን መስከረምን የሚጠብቅበት ትዕግሥት የለውም፤ በየቅዳሜው ይመጣል። ባለፈው ቅዳሜ የመጣው ነጭ ነው፣ አራት ጎማ አለው፣ ድምፅ የሚባል ነገር ግን አልፈጠረበትም።

ወዳጃችን አዲስ መኪና ገዛ። ገዛ ስል እንኳ ባሕር ማዶ ያለ ልጁ ገዛለት፤ እሱ የከፈለው የምርቃቱን ክትፎ ነው፣ እሱንም እያጉረመረመ። ኤሌክትሪክ ናት አለን። ምን ያድርግ፣ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄድ የቤት አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏል፤ አዲስ ያማረው ሰው ምጣዱንም መኪናውንም ከአንድ ሶኬት መቀለብ ነው። በእኛ ጊዜ ቤንዚን በኩፖን ነበር። እንዴት ያለ ሥርዓት ነበር! ኩፖንህን ይዘህ ትሰለፋለህ፣ ከፊትህም ከኋላህም ካለው ሰው ጋር ትወዳጃለህ፣ ሲመሽ ልጅህን ለልጁ ትሰጣለህ። ቤንዚኑ አልቆ ብትመለስ እንኳ አማች ይዘህ ትመለሳለህ። ዛሬ ሰው መኪናውን ግድግዳ ላይ ሰክቶ ይተኛል። ከግድግዳ ጋር ማን ይጋባል?

«ቅዳሜና እሑድን ዝዋይ እንሂድ፣ የወይን እርሻ እንይ፣ ወይን ጠጅ እንቅመስ» አለን። በመጀመሪያ ነገር ቅዳሜና እሑድ የልቅሶና የሠርግ፣ የዕድርና የማኅበር ቀን ነው፤ እንደኔ ያለ ሰው ለሽርሽር ጊዜ የለውም። ሁለተኛ፣ የሚጠጣ ሰው መጠጡ የበቀለበትን ማሳ ሊጎበኝ ሲሄድ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኛ ጠጅ ቤት ስንገባ ንቦቹን አስተዋውቁን ብለን አናውቅም። ብርሌው ይመጣል፣ ይነሣል፣ ይወርዳል፣ አለቀ። ሆኖም እኔ ከቀረሁ እነዚህን ሰዎች ማን ይመክራቸዋል ብዬ ሄድኩ። ጉልበቴን ስለሚያመኝ የፊት ወንበር ለእኔ ይሁን ብዬም አስቀድሜ አስታውቄ ነበር። ጡረታ የወጣው ሻለቃ ግን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ደርሶ በወረራ ይዞት ጠበቀኝ። እኔና የቀድሞው የኬሚስትሪ መምህር ከኋላ ተጣልን።

መኪናዋ ቁልፍ የላትም። ካርድ ታሳያታለህ፣ ትከፈትልሃለች። የእኔዋ ፊያት ሴይቼንቶ ቁልፍ ብቻ ሳይሆን የቁልፍ ጥበብም ነበራት፤ ግማሽ ታዞረዋለህ፣ መሪውን በጉልበትህ ትገፋለህ፣ አንድ ጊዜ የእመቤታችንን ስም ትጠራለህ፣ ትነሣለች። ካልተነሣች የሠፈር ልጅ ይገፋታል። ሌባ እንኳ ሊሰርቃት መጥቶ ደክሞት ትቷት ሄዷል። አስተማማኝ መኪና ማለት እሷ ነበረች! ይህችኛዋ ኮቴ ሳታሰማ ከግቢ ወጣች፤ ዘበኛው ገና አልተነሱም ብለው ባዶውን በር ይዘው ቆመው ቀሩ።

ገና ቀለበት መንገዱን ሳንይዝ አንዲት ሴት ከዳሽቦርዱ ውስጥ ተናገረች። በቻይንኛ። ባለቤቱ «ቀበቶ እሰሩ ማለቷ ይመስለኛል» አለ። መምህሩ «የለም፣ በር አልተዘጋም ነው የምትለው» አለ። ሻለቃው ሴት ተናግራ ዝም ማለት ጨዋነት ስላልመሰለው በወጣትነቱ በተማረው ሩሲያኛ መለሰላት። እሷም መለሰችለት። እስከ ቱሉ ዲምቱ ድረስ እንዲህ ሲጨዋወቱ ሄዱ፤ ከሚስቱ ጋር እንኳ ይህን ያህል ሲያወራ አይቼው አላውቅም።

መቀመጫው ደግሞ ከሥር ይሞቃል። በዚህ ዕድሜዬ ከሥሬ እሳት ሊነድብኝ! ልጁ ምን ነክቶት ነው እንዲህ ያለ ነገር ለአባቱ ወዳጆች የሚልከው? ላጠፋው ስል ማጥፊያው ላይ የተጻፈው ቻይንኛ ሆነብኝ። ተቆጥቼ፣ እጄን አጣምሬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ተቀመጥኩ። ሞጆ ደርሰናል ብለው ሲቀሰቅሱኝም ንዴቱ አልለቀቀኝም ነበር።

ስለ ፍጥነት መንገዱ ምን ልበላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2014 ሲከፈት አዳማ ድረስ ወደ 85 ኪሎ ሜትር በሰዓት እስከ 120 እየበረሩ መሄድ ተቻለ ተብሎ እልል ተባለ። ቱሉ ዲምቱ ላይ ካርድህን ተቀብለህ ትገባለህ። ከዚያ ወዲያ ዱከም የለ፣ ደብረ ዘይት የለ፣ አህያ የለ፣ እሸት የሚጠብስ ልጅ የለ። ከተሞቹን ባጥር ማዶ እያየህ ታልፋለህ። በአሮጌው መንገድ ዱከም ላይ ሥጋ ሳያስቆርጡ ማለፍ ነውር ነበር። ሞጆ ላይ ደግሞ ጎሚስታ ነበረ፤ የመጀመሪያ ልጄ የክርስትና አባት እሱ ነው። ጎማ በፈነዳ ቁጥር ቤተሰብ ይሰፋ ነበር። አንድ ጊዜ ሴይቼንቶዋ ውስጥ አምስት ሰውና አንድ በግ ሆነን ስንሄድ ውኃዋ ፈልቶ ቆቃ ዳር ቆመች። ከኋላ ያለውን ሞተር ከፍተን ነፋስ እስኪመታው በጉን እዚያው አረድነው። ሌሊቱን ጅብ ሲዞረን አደርን፤ ትንኙ አስለቀሰን። በሕይወቴ እንደዚያ የተደሰትኩበት ሌሊት የለም።

አሁን ከሞጆም ወዲያ ወደ ባቱ፣ እኛ ዝዋይ ወደምንላት ከተማ፣ ሌላ የፍጥነት መንገድ ተዘርግቷል። 160 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ቁርሴ ሆዴ ውስጥ ሳይረጋጋ ደረስን። መንገዱን ሙሉ ሾፌሩን «ቀስ በል፣ ምን ያጣድፍሃል፣ ማን ሞተ?» ስለው ነበር። አንድ የጭነት መኪና ሲቀድመን ደግሞ «ምነው አንተ፣ አሸዋ ለጫነ ትሸነፋለህ?» አልኩት። የሽማግሌ ምክር የሚሰማ ጠፍቷል፤ ሁለቱንም አልሰማኝም። ቆቃን ስናልፍ ስለ ግድቡ ላስተምራቸው ሞከርኩ። በጣሊያን የጦር ካሳ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1960 ያለቀ ነው። ድሮ እኮ ጠላት እንኳ ካሳ ይከፍል ነበር! ዛሬ የጎረቤት ልጅ መስኮትህን በኳስ ሰብሮ ኳሱን መልስልኝ ይልሃል።

የወይን እርሻውን አየነው። ካስቴል የተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1998 ጊዮርጊስ ቢራን የገዛው የፈረንሳይ ኩባንያ፣ ችግኙን ከአገሩ አምጥቶ ከባሕር ወለል 1,600 ሜትር ገደማ ከፍ ባለው በዚህ የስምጥ ሸለቆ መሬት ላይ ተክሎታል፤ የመጀመሪያዎቹ ጠርሙሶች እ.ኤ.አ. በ2014 ለገበያ ወጡ። መርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞን፣ ሻርዶኔ እያለ መምህሩ ስማቸውን ጠራልኝ። ዙሪያውን ቦይ ተቆፍሮለታል፤ ጉማሬና ጅብ እንዳይገቡ ነው አሉ። ይህን ስሰማ አንጀቴ ተላወሰ። የዝዋይ ጉማሬ የሐይቁ ባለርስት ነው፤ በገዛ ርስቱ ዳር በቦይ ታጥሮ ሌላው ሲቀምስ ያያል። ሁላችንም ወደዚያው እየሄድን ነው።

ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ዳር ባለ አንድ ሆቴል ወይን ቅምሻ ተቀመጥን። ጥቁር ሽርጥ የታጠቀ ሸጋ ልጅ መጣና ሆድ ያለው ትልቅ ብርጭቆ አስቀመጠልን። ደስ አለኝ። ከዚያ ከሥሩ ጠብ አደረገልንና ሄደ። ረስቶን መስሎኝ ጠራሁት። «ልክ ነው ጋሼ፣ መጀመሪያ ያዙሩት፣ ያሽትቱት» አለኝ። አዞርኩት፣ አሸተትኩት። «ምን ምን ይላል?» አለኝ። «ወይን ጠጅ ወይን ጠጅ ይላላ!» አልኩት። የለም፣ የትምባሆ ቅጠል ይላል፣ ቆዳ ይላል ብሎ አስረዳኝ። «ልጄ፣ ቆዳ ለማሽተት ከሆነማ ሞጆ ፋብሪካው በር ላይ ብንቆም ይበቃን ነበር» አልኩት። ቀጥሎ ባልዲ አቀረበና ስንቀምስ እዚህ እንድንተፋ ለመነን። ትፉት! ገንዘብ ከፍለን! በእናቴ ቤት ጠላ የተፋ ሰው ወይ ታሟል ወይ ሊጣላ መጥቷል። ሻለቃው ባልዲውን በእግሩ ገፍቶ ከጠረጴዛው ሥር ደበቀው፤ በዚህ ጉዞ የሠራው ብቸኛ ጀግንነት እሱ ነው። ሾፌራችን ያገር ሰው ነውና አምቦ ውኃውን ይዞ ተቀመጠ።

መጠጥን በክብሩ የሚጠጣ ትውልድ አለቀ እያልኩ ለልጁ ስመክረው ቆየሁና አንድ ሙሉ ብርጭቆ መርሎ እንዲቀዳልኝ፣ ኮካም እንዲያመጣልኝ አዘዝኩት። ልጁ ክው አለ። ጉደርን በኮካ ያልቀየጠ ሰው ስለ ወይን ጠጅ ሊያስተምረኝ! ጉደርና አክሱማይት የሠርጋችን፣ የክርስትናችን፣ የእርቃችን መጠጥ ነበሩ። ጠማቂያቸው አዋሽ ወይን ጠጅ የመንግሥት በነበረበት ጊዜ ማንም አሽትቱ ብሎን አያውቅም። እሱንም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ2013 ማን መጣበት መሰላችሁ? ቦብ ጌልዶፍ! ያ በ1977ቱ ረሃብ ጊዜ ላይቭ ኤይድን ያሰናዳው የአየርላንድ ዘፋኝ። የሚመራው ኤይት ማይልስ የተባለ የኢንቨስትመንት ድርጅት ድርሻ ገዛበት። ስንራብ ዘፈነልን፣ ስንጠጣ ሸሪክ ሆነ፤ ወዳጅ ማለት እንዲህ ነው። ለልጁ ይህን ብነግረው «ጋሼ፣ እሱ ማነው?» አለኝ። ትምህርት ድሮ ቀረ።

ራት ቆሮሶ ጥብስ በላን። ደህና ነበር፤ ግን ዓሣውም ጠባዩ ተለውጧል፣ አጥንት በዝቶበታል።

ማታ ባለቤቱ መኪናውን ሆቴሉ ሶኬት ላይ ሰካ። ብዙም ሳይቆይ መብራት ጠፋ። ሰውዬው ሲንቆራጠጥ አይቶ የሆቴሉ ኃላፊ ጄኔሬተር አስነሣለት። እንግዲህ አስቡት እኩዮቼ፣ ነዳጅ በቃኝ ብሎ የመጣ መኪና፣ ሌሊቱን ሙሉ እየጮኸ በሚያጨስ የናፍጣ ሞተር ሲጠባ አደረ። ከጩኸቱ የተነሣ እንቅልፍ ባይኔ አልዞረም። በእኛ ዘመን ሰዓት እላፊ ነበረ፤ ኮሽታ የለ፣ ጭፈራ የለ፣ ሰው ሁሉ በጊዜ ቤቱ ገብቶ ጥርቅም አድርጎ ዘግቶ ይተኛል። ምን ያለ ሰላም ነበር መሰላችሁ።

በነጋታው ደግሞ የስልክ ጣጣ። አባ ኮዳ ወፎቹ ሐይቁ ዳር ተኮፍሰው ቆመው የዓሣ ሆድ ዕቃ ሲሻሙ፣ ወዳጆቼ ዓይናቸውን ትተው በስልክ ያዩዋቸዋል። ዓይን የተሰጠው ለምን ሆነና! እኔ ከወፎቹ አጠገብ ያለሁበትን አራቱን ፎቶ ብቻ እንዲልኩልኝ ነግሬያቸዋለሁ፤ እስካሁን አልላኩም። ቸልተኝነት የዘመኑ በሽታ ነው።

አሁን ደግሞ ለጥምቀት ማግሥት እንመለስ ይላሉ። እኔ አልሄድም ብያለሁ፤ የፊት ወንበር ካልተሰጠኝ፣ በአሮጌው መንገድ ሄደን ዱከም ላይ ካልቆምን፣ መቀመጫውም ከቤት ጀምሮ ካልሞቀ ንቅንቅ አልልም። ሻለቃው እንቢ ካለ ግን፣ ከእናንተ መካከል ልጁ አዲስ መኪና የላከለት ሰው ካለ አይደበቀኝ። ቅዳሜም እሑድም ሥራ የለኝም፤ ኮካውን እኔ እይዛለሁ።