ከሞኝ ደጃፍ የተቆረጠ ሞፈር

ሞኝነት ተሰድቦ አያልቅም። ተረቱም፣ ምሳሌውም፣ የሽማግሌ ምክሩም በእሱ ላይ ያደመ ነው። እኔ ግን ሞኝነትን ላመሰግን ተነሥቻለሁ። የማመሰግነውም የተራውን ሰው ሞኝነት አይደለም፤ የነገሥታቱን ነው። ከነገሥታቱም ሞኝነት መርጬ፣ በሰው አገር መንግሥት ላይ ለሸፈተ ሰው ስንቅና ጥይት የማቀበሉን ሞኝነት አመሰግናለሁ። ይህ ሞኝነት በ1954 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ እዚሁ ኮልፌ ውስጥ፣ በፖሊስ ግቢ፣ በሰዓት ተከፋፍሎ በወጉ ተሠርቷል።

መጀመሪያ ግን ብልህ ንጉሥ ምን እንደሚያደርግ እንይ። (የአውሮፓውን ታሪክ በራሱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።) ናፖሊዮን ወድቆ የቡርቦን ዘር ወደ ፓሪስ ዙፋን ሲመለስ፣ የአውሮፓ ነገሥታት አንድ ነገር ገብቷቸው ነበር፤ የትም አገር አንድ ዘውድ ከተነካ ሁሉም ተነካ። በ1820 ራፋኤል ሪዬጎ የተባለ የስፔን መኮንን ጦር አስነሥቶ፣ ንጉሡ ፈርዲናንድ 7ኛ በሕገ መንግሥት እንዲገዛ አስገደደው። ፈርዲናንድ ማለ፤ ሦስት ዓመትም ጥርሱን ነክሶ ቆየ። በ1823 የፈረንሳዩ ሉዊ 18ኛ «መቶ ሺህ የቅዱስ ሉዊ ልጆች» የተባለ ጦር ድንበር አሻግሮ ላከና ፈርዲናንድን እንደ ቀድሞው ፈላጭ ቆራጭ አድርጎ አስቀመጠው። ሪዬጎ በዚያው ዓመት ማድሪድ ላይ ተሰቀለ። ጦሩን የላከው ሉዊ በ1824 ዘውዱን እንደ ጫነ በአልጋው ላይ ሞተ። ጦሩ የተላከለት ፈርዲናንድም በ1833 እንደዚያው። ከሉዊ 18ኛ ወዲህ በፈረንሳይ ዙፋን ላይ እንዳለ የሞተ ንጉሥ የለም። ብልህነት ለባለቤቱ ያስገኘው ይህንን ነው፤ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሞኞቹ ዘንድ ስንሄድ መጀመሪያ የምናገኘው የዚሁ የሉዊ 18ኛ ታላቅ ወንድም፣ ሉዊ 16ኛ ነው። በ1778 በእንግሊዝ ንጉሥ ላይ ከሸፈቱት አሜሪካውያን ጋር ቃል ኪዳን አሰረ። መርከብ ሰጠ፣ ባሩድ ሰጠ፣ ወታደር ላከ፤ ወጪው ከአንድ ቢሊዮን ሊቭር በላይ ሆነ። ብድሩ ግምጃ ቤቱን አራቆተው። አዲስ ግብር ለመጣል የሕዝብ እንደራሴዎችን መጥራት ግድ ሆነና በ1789 ተጠሩ። እነሱም ከተሰበሰቡ በኋላ የግብሩን ነገር ትተው ሥልጣኑ የማን እንደ ሆነ ጠየቁ። ንጉሥ በሌለበት አገር ተዋግቶ የተመለሰው ላፋዬት የፓሪስ ብሔራዊ ዘብ አዛዥ ሆነ። በ1793 ሉዊ በአደባባይ አንገቱን ተቆረጠ። አሜሪካውያን ግን ያገኙትን ነጻነት ማንም አላስመለሳቸውም።

ሦስተኛው ወንድም ሻርል 10ኛ ይህን ሁሉ በዐይኑ ያየ ሰው ነው። ከዚያ ሁሉ መከራ ያወጣው ትምህርት ግን ወንድሜን ያጠፋው ለሕዝቡ መለሳለሱ ነው የሚል ብቻ ነበር። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። በ1825 ሬምስ ሄዶ እንደ ጥንቱ ቅብዐ ቅዱስ ተቀባ፤ ከሁለት ቀን በኋላም በእጁ ዳስሶ እንዲፈውሳቸው በሽተኞች ተሰለፉለት። ይኸው ንጉሥ በ1827 መርከቦቹን ከእንግሊዝና ከሩሲያ መርከቦች ጋር አሰልፎ ናቫሪኖ ላይ የቱርኩን ሱልጣን ባሕር ኃይል አሰጠመ፤ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ግሪኮቹን የሚረዳ ጦር ወደ ሞሪያ ላከ። ግሪኮቹ የተነሡት በገዥያቸው ላይ ነበር። ንጉሥ ሆኖ ሳለ ሕዝብ በገዥው ላይ መነሣት ይችላል ብሎ በመድፍ መሰከረ። በዚያው በ1827 የፓሪስን ብሔራዊ ዘብ «ሚኒስትሮቼን ተቃወመብኝ» ብሎ በተነው፤ ጠመንጃውን ግን ከየቤቱ አልሰበሰበም። በ1830 ሐምሌ ማብቂያ ላይ ጋዜጣ የሚያፍን፣ ገና ስብሰባ ያልተቀመጠ ምክር ቤት የሚያፈርስ፣ የመራጩን ቁጥር የሚቀንስ አዋጅ ሲያወጣ፣ ከጦሩ ከፊሉ አልጀርስ ዘምቶ ነበር፤ ጠመንጃው ደግሞ ፓሪስ። ነገሩ ሦስት ቀን ፈጀ። ግሪክ በዚያው ዓመት ነጻ አገር ተብላ ታወቀች፤ ሻርልም ዘውዱን ለቆ በመርከብ ወደ እንግሊዝ ተሰደደ።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንመለስ። ዛሬ ከጦር ኃይሎች ተነሥቶ ወደ ኮልፌ የሚወጣ ሰው የሚያየው የታክሲ ሰልፍ፣ አጠና ተራ ላይ ግድግዳ ተደግፎ የቆመ ባሕር ዛፍ፣ ቆርቆሮ በቆርቆሮ ላይ የተቀጣጠለ ሱቅ ነው። በ1954 ዓ.ም. ግን ኮልፌ የከተማው ዳር ነበረች፤ የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሻለቃ ሰፈርም እዚያ ነበር። ፈጥኖ ደራሽ ማለት ሕዝብ ሲነሣ ደርሶ የሚበትን ኃይል ነው። እዚያ ግቢ አንድ ረጅም ደቡብ አፍሪካዊ ጠበቃ ገባ። ኢትዮጵያ ለዚያ ጉዞው የሰጠችው ፓስፖርት ዴቪድ ሞትሳማዪ ይለዋል። እውነተኛ ስሙ ኔልሰን ማንዴላ ነበር።

ውሎውን ራሱ በሕይወት ታሪኩ መጽሐፍ ዘርዝሮታል። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 7 ሰዓት ሥልጠና፤ ከዚያ ገላ መታጠብና ምሳ፤ ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንደገና ሥልጠና። አውቶማቲክ ጠመንጃና ሽጉጥ መተኮስ፣ ሞርታር፣ ትንንሽ ቦምብና ፈንጂ መሥራት፣ ሰው ያጠመደውን ፈንጂ ማምለጥ፣ ዕቃ ተሸክሞ ረጅም መንገድ መጓዝ። ያሠለጠነው ከጣልያን ጋር በአርበኝነት የተዋጋ መቶ አለቃ ነበር። ከ10 ሰዓት እስከ ምሽት ደግሞ የፖሊስ ሠራዊት ምክትል አዛዡ ኮሎኔል ታደሰ ብሩ አስቀምጠው ስለ ጦር ሳይንስ ያስተምሩታል። ኮሎኔሉ ማን እንደ ነበሩ ልብ በሉልኝ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የተሞከረውን መፈንቅለ መንግሥት ካከሸፉት ዋና ሰዎች አንዱ ናቸው። ዙፋኑን ካዳኑ ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በዚያው ዙፋን ፈቃድ፣ መንግሥት እንዴት እንደሚገለበጥ እያስተማሩ ነው።

ስድስት ወር ይፈጃል የተባለው ሥልጠና ሳይጋመስ ከአገሩ ቶሎ ና የሚል መልእክት መጣ። ኮሎኔሉ ሲሸኙት አንድ ሽጉጥ ከ200 ጥይት ጋር በስጦታ ሰጡት። ሐምሌ 29 ቀን 1954 ዓ.ም. በአገሩ መንገድ ላይ ተያዘ። ቀጥሎ የመጣው 27 ዓመት ከመንፈቅ እስር ነው።

በዙፋን ብልህነት ከተመዘነ ጃንሆይ፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ፣ ያደረጉት ፍጹም ሞኝነት ነው። በገዛ ሕገ መንግሥታቸው አይነኬ የተባሉ፣ በአገራቸው አንድ የፖለቲካ ፓርቲ ያልፈቀዱ ንጉሥ ናቸው። የፕሪቶሪያው መንግሥት ደግሞ የዓለም ብልሆች ሁሉ ወርቅ የሚገዙት፣ አምባሳደር የሚልኩለት መንግሥት ነበር። ዝም ቢሉ ማን ይወቅሳቸው ነበር? ለምን እንዳላሉ እኔ የማምነው ይህን ነው። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቭ ላይ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ቆመው ስለ ተወረረች አገራቸው ሲናገሩ፣ ብልሆቹ ሁሉ ተቀምጠው ሰምተዋል። ሰምተውም በጣልያን ላይ የጣሉትን ማዕቀብ በቀጣዩ ወር አነሡ። ያን ቀን ከብልሆች መካከል ብቻውን የቆመ ሰው፣ ሃያ ስድስት ዓመት ቆይቶ ደጃፉ ላይ የቆመውን ስደተኛ መመለስ አልሆነለትም። ኢትዮጵያ ከላይቤሪያ ጋር ሆና ስለ ደቡብ ምዕራብ አፍሪካ በደቡብ አፍሪካ ላይ በዓለም ፍርድ ቤት የከሰሰችውም በዚሁ መንፈስ ነው። ክሱ ስድስት ዓመት ያህል ተጎትቶ ውድቅ ሆነ።

ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይባላል። ኮልፌ ላይ ሞፈሩን ደቡብ አፍሪካ ቆረጠችው። የሌላ ሰው እርሻ ሊታረስበት የተቆረጠ ሞፈር ነበርና፣ ባለ ደጃፉ አልጮኸም።

ማንዴላ ከኮልፌ ከያዛቸው ትምህርቶች አንዱ ከሽጉጡ ይበልጥ ይከነክነኛል። ኮሎኔሉ እንደ ነገሩት፣ የነጻነት ጦር አዛዥ በግዳጅ ላይ ፍጹም አዛዥ ነው፤ ከግዳጅ ሲወጣ ግን ከመጨረሻው ተራ ወታደር ጋር እኩል ነው፤ ወታደሩ የሚበላውን ይበላል። ይህ ለእንግዳ ተነገረ። ከዚያ ዐሥራ ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ በጥር 1966 ዓ.ም.፣ ነገሌ ቦረና ላይ የሰፈሩት ወታደሮች የውኃ ፓምፓቸው ተበላሸ። ከመኮንኖቹ ጉድጓድ እንቅዳ ቢሉ ተከለከሉ። ምግባቸውም የሚበላ አልነበረም። መኮንኖቻቸውን አሰሩ። ጃንሆይ ነገሩን እንዲያበርዱ የምድር ጦሩን አዛዥ ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለን ላኩ። ወታደሮቹ ጄኔራሉን አስቀምጠው ያንኑ የራሳቸውን ምግብ አበሏቸው፤ ያንኑ ውኃ አጠጧቸው። ጄኔራሉ ታመሙ። የኢትዮጵያ አብዮት የጀመረው በዚያ ሳህን ላይ ነው። በቀጣዩ ወር የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች በቤንዚን ዋጋ፣ መምህራን በትምህርት ጥናቱ አድማ መቱ። የካቲት 20 የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣን ለቀቀ።

ሌላም ሞኝነት አላቸው፤ እሱንም አመሰግናለሁ። ማንዴላ ኮልፌ በገባበት በዚያው በ1954 ዓ.ም. ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸው ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ከዚያ ቀደም ብሎ ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች ተማሪዎችን በነጻ ትምህርት አምጥተው ነበር፤ እነዚያ ልጆች የፖለቲካ ክርክር ይዘው መጡ፣ የእኛዎቹም ለመዱት። በየካቲት 1957 ዓ.ም. ተማሪው «መሬት ላራሹ» ብሎ ሰልፍ ወጣ። ንጉሥ በሰጠው ቤተ መንግሥት ተምሮ ንጉሥን የሚጠይቅ ትውልድ ወጣበት። ብልህ ንጉሥ ቢሆኑ ኖሮ ቤተ መንግሥቱን ቤተ መንግሥት አድርገው ባኖሩት ነበር።

ይህ ውዳሴ ግን ወሎን አይጨምርም። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎ ላይ ሕዝብ በረኃብ ሲያልቅ ነገሩን የሸፋፈነው ሞኝነት አልነበረም። የአገር ስም እንዳይጠፋ፣ የመንግሥት ክብር እንዳይነካ ተብሎ በደንብ የታሰበበት፣ በቢሮ የተሠራ ብልህነት ነው። ሞኝ ሰው ቢሆን እሪ ብሎ እርዱኝ ይል ነበር። እሪ የሚል ስላልተገኘ እናቶች ልጆቻቸውን እንዳዘሉ በመንገድ ዳር ቀሩ። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ረኃቡ የቀረጸውን ፊልም ደርግ በአዲሱ ዓመት መግቢያ ላይ ከቤተ መንግሥቱ ግብርና ድግስ ምስል ጋር አቀናብሮ በቴሌቪዥን አሳየ። ከአዲስ ዓመት በማግስቱ፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ጃንሆይ በቮልስዋገን ተወሰዱ። ስለ ወሎ ማንም ቢፈርድባቸው አልከራከርም።

ደርግ ብልህ ነበር። ጠመንጃ ሰበሰበ፣ ቤት ለቤት ፈተሸ፤ ሻርል 10ኛ የዘነጋውን አልዘነጋም። ለገዛ አገሩ ወጣት የኮልፌውን ዐይነት ደጃፍ አልከፈተም። ማንዴላ ተፈትቶ በ1982 ዓ.ም. ሐምሌ ለአፍሪካ አንድነት ድርጅት ጉባኤ አዲስ አበባ ሲመጣ፣ ያን ጊዜ የተቀበሉት ንጉሥ አፅም በዚያው ከተማ፣ በቤተ መንግሥቱ ግቢ ውስጥ፣ ማንም የት እንዳለ ሳይነገረው ተቀብሮ ነበር። የተገኘው በ1984 ነው።

ኮሎኔል ታደሰ ብሩም ጄኔራል ሆኑ። በሜጫና ቱለማ ማኅበር ስለ ሕዝባቸው ትምህርትና እኩልነት መናገር ሲጀምሩ፣ ያዳኑት ዙፋን በ1959 ዓ.ም. አሠራቸው፣ ሞትም ፈረደባቸው፤ ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ። ዙፋኑን የጣለው አብዮት ደግሞ በ1967 ዓ.ም. በጥይት ገደላቸው። ምሽት ምሽት ኮልፌ ተቀምጠው ያስተማሩት ተማሪ ግን የአገሩ ፕሬዚዳንት ሆነ፤ የሕይወት ታሪኩን ሲጽፍም ስማቸውን አልዘነጋም።

የኮልፌ ቀራኒዮ ልጆች በታሪክ ክፍለ ጊዜ የባስቲልን ቀን ያጠናሉ፣ ሉዊ 16ኛ የሞተበትን ዓመት ይሸመድዳሉ። ይህም ይነገራቸው። ከትምህርት ቤታቸው በእግር የሚደረስበት ግቢ ውስጥ፣ ሕዝብ ለመበተን የሠለጠነ ፖሊስ ለነጻነት ታጋይ ተኩስ አስተምሯል፤ ያስተማረውም በንጉሥ ፈቃድ ነው። መምህሩ አስነሥቶ ንጉሡ ለምን ፈቀዱ ብሎ ይጠይቃቸው፤ «ሞኝ ስለ ነበሩ» ብሎ የሚመልስ ልጅ ካለም ሙሉ ነጥብ ይስጠው።