በቴሌቪዥናችሁ ገበሬ ስላደረጋችሁኝ

ከባሕር ማዶ መጥቶ በአዲስ አበባ ለተቀመጠው፣ ስሙን ከአክብሮት የተነሣ ለማልጠራው የዜና ቴሌቪዥን ጽሕፈት ቤት፤

ዕድሜዬን በታሪክ መምህርነት የፈጸምሁ የከተማ ሰው ስሆን፣ ስለ ወሎ ረሃብ የማውቀውን እንድመሰክር ወደ ደጃችሁ በተጠራሁ ጊዜ፣ ኮቴን አስተኩሼ፣ ከረቫቴን አስሬ፣ ዓመተ ምሕረቱን በቅደም ተከተል ያሰፈርሁበትን ወረቀት በደረት ኪሴ ይዤ መጣሁ። ዘበኛችሁ ከመቀመጫው ተነሥቶ እጅ ነሣኝ፤ በግቢያችሁ ያገኘሁት ክብር እርሱ ብቻ እንደ ነበረ ያወቅሁት ግን ኋላ ነው።

ከብዙ መጠበቅ በኋላ አንዲት ልጅ እግር አዘጋጃችሁ መጥታ፣ ከእግሬ እስከ ራሴ ተመልክታ፣ «አባባ፣ ኮቱን ያውልቁልን፤ ለሥዕሉ አይሆንም» አለችኝ። አወለቅሁ። ከረቫቱም ተከተለ። ቀጥሎም ያ ደግ ዘበኛ የሌሊቱን ብርድ የሚከላከልበት ጋቢ ከላዩ ተገፍፎ በእኔ ትከሻ ላይ ተጣለ፤ ወንበር ሳይታጣ በግቢው ጥግ ከድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ፤ ወረቀቴም «የተማረ ያስመስላል» ተብሎ ተወሰደ። በሰው ጋቢ ተጠቅልዬም፣ ረሃቡ ከዝናም መጥፋት ብቻ ሳይሆን፣ ጭሰኛው ለባለርስት ይገብር ከነበረው የምርት ድርሻ፣ ከመንገድ እጦትና ከመኳንንቱ ዝምታ ጭምር እንደ መጣ በረጅሙ ተረክሁ። መብራት ያዡ ራሱን ይነቀንቅ ነበርና የተረዳኝ መሰለኝ።

በተሰራጨው ዜና ከዚያ ሁሉ ሐተታ አንዲት ቃል አልተረፈችም። ያስቀራችሁት መነጽሬን ስጠርግ የተነፈስሁትን ረጅም ትንፋሽ ሲሆን፣ ከደረቴ በታች በእንግሊዝኛ «ከረሃብ የተረፉ ገበሬ» የሚል ጽሑፍ ሰፍሮ ነበር። ገበሬነት የአባቶቼ ክብር ነው፤ እኔ ግን በሬ ጠምጄ አላውቅም።

ከዚህ የሚበልጠው ተአምር የተፈጸመው በሰፈሬ ነው። ጽሑፉን ያነበቡላቸው በእኔ እጅ የተማሩ ልጆቻቸው ሆነው ሳለ፣ የዕድር ባልንጀሮቼ «ጋሼ፣ ይህን ሁሉ መከራ ችለው ሳይነግሩን!» እያሉ ያጽናኑኝ ጀመር። አይደለም ብዬ ብምል ብገዘት፣ «በውጭ ቴሌቪዥን አየን እኮ!» ይሉኛል። ዕድሜ ልካቸውን ከሚያውቁት ጎረቤት ይልቅ በዲሽ የወረደውን አመኑ።

ይህ እምነት ከየት እንደ መጣ አንድ የታሪክ መምህር ይንገራችሁ። በ1957 ዓ.ም. የተቋቋመው የአገራችን ቴሌቪዥን ወሎ ሲያልቅ አፉን ዘግቶ ሳለ፣ ጉዱን የገለጠው በጥቅምት 1966 በእንግሊዝ አገር የታየው የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም ነው፤ ያንኑ ፊልም ደርግ ከቤተ መንግሥቱ ድግስ ሥዕል ጋር አዳቅሎ በመስከረም 1 ቀን 1967 ምሽት ካሳየን በኋላ፣ በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። በ1977ም የአብዮቱ ዐሥረኛ ዓመት በከበረ ማግስት፣ የኮረምን እልቂት ለዓለም ያሳዩት የቢቢሲው ማይክል ቢዩርክና የሞሐመድ አሚን ካሜራ ነበሩ። ስለዚህ አዋጅ ቁጥር 1238/2013 በአገር ውስጥ መገናኛ ብዙኃን የውጭ ዜጋን ድርሻ በ25 በመቶ ቢወስንም፣ በልባችን ያላችሁን ድርሻ የሚወስን አዋጅ አልወጣም።

እናንተም ሌሎች ኮረም ድረስ ወርደው ያፈሩትን እምነት ያለ ድካም ወርሳችሁ፣ ሽማግሌ ማስወለቂያና ማልበሻ አደረጋችሁት። ይህ ዜና አይደለም። ውሸት ነው። የራሴ አገር ቴሌቪዥን ብዙ ደብቆኛል፤ ኮቴን ግን አላስወለቀኝም! ማን ናችሁና ነው ሰውን ከነነፍሱ ለሥዕል የምታመቻቹት?

ቃሌ ከሥርዓት ወጣ፤ ቢሆንም አልሰርዘውም። በትሕትና የምለምናችሁ፣ የለም፣ የምጠይቃችሁ፣ ያንን ጽሑፍ ዜናው በወጣበት ሰዓት እንድታርሙ፣ ወረቀቴን እንድትመልሱ፣ ዘበኛውንም ስለ ጋቢው ይቅርታ እንድትሉት ነው። የዕድራችን ዳኛ ችግሬን ተመልክቶ ወርኃዊ መዋጮዬ እንዲነሣልኝ ለመጪው እሑድ ስብሰባ አጀንዳ አስይዟልና፣ እርማታችሁ ከቅዳሜ ባያልፍ መልካም ነው።