ልጄን አታጣድፉብኝ

እሁድ ጠዋት ከቤት ስንወጣ የልጄ ኪስ ባዶ ነው። ማታ ስንመለስ ግን ይሞላል፤ የቀንድ አውጣ ቅርፊት፣ የርግብ ላባ፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ጥቁር ድንጋይ፣ አንዳንዴም የደረቀ ጥንዚዛ። ስድስት ዓመቷ ነው። አሻንጉሊት ካልተገዛልኝ ብላ አልቅሳ አታውቅም። የምታለቅሰው አይታ ያልጠገበችውን ነገር ትተን ስንሄድ ነው። ላለፉት ሁለት ዓመታት የእረፍት ቀኔን በሙሉ ለዚህ ፍቅሯ ሰጥቻለሁ፤ አይቆጨኝም። ያንገሸገሸኝ ሌላ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ይዣት የትም ብሄድ፣ ልጄ አንድ ነገር ቆማ እስክታይ የሚታገሥ ሰው አጣሁ። ሁሉም «ቀጥሉ፣ ቀጥሉ» ነው።

ገና ታክሲ ላይ ይጀምራል። ረዳቱ «እናት፣ ልጅቷን እቀፊያት» ይለኛል። የራሷን እከፍላለሁ ብለው እንኳ ፊቱ አይፈታም። እሷ ደግሞ የምትፈልገው መስኮቱን ነው፤ በቄራ በኩል ስናልፍ ሰማዩ ላይ የሚዞሩትን ጥንብ አንሳዎች ትቆጥራለች። ታቅፌያት ስሄድ የምታየው የፊተኛውን ሰው ጀርባ ነው። ይሄ ትንሹ ነው፣ ልለፈው።

ከዚያ ፍተሻ አለ። ፍተሻውን አልቃወምም፤ ዘመኑ ነው። ባለፈው መስከረም ግን አንድ መናፈሻ በር ላይ ፈታሿ የልጄን ኪስ ገለበጠችና ሦስት ጠጠርና አንድ የቀንድ አውጣ ቅርፊት ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈች። «ምንድነው ይሄ ሁሉ ቆሻሻ?» አለችና በእጇ ጠርጋ ቅርጫት ውስጥ ከተተችው። ድንጋይ ይዞ መግባት ክልክል ከሆነ እሺ፣ ይገባኛል። ስትወጣ ትወስደዋለች ብሎ ጥግ ላይ ማስቀመጥ ግን ምን ያህል ይከብዳል? ቅርፊቱ ክረምቱን በራችን ሥር ያገኘችው ነበር፤ ጥምዝምዙ ወደ ቀኝ ነው ወደ ግራ እያለች ከእኔ ጋር ስትከራከርበት ሰንብታለች። አላለቀሰችም። ቀና ብላ «እማዬ፣ ቆሻሻ ነው እንዴ?» ብላ ነው የጠየቀችኝ። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ውስጥ ስንገባ ደግሞ ሞንታርቦው አለ። ዛፍና ወፍ ያለበት ቦታ ሁሉ ይህን ያህል ሙዚቃ ለምን እንደሚያስፈልገው የሚያስረዳኝ ሰው ባገኝ ደስ ይለኛል። የዚያን ዕለት ሣሩ ላይ አንድ ትልቅ ወፍ ትል ይለቅም ነበር፤ ምንቃሩ ረጅምና ወደ ታች የተቆለመመ፣ ጉሮሮው ሥር ትንሽ ሥጋ የተንጠለጠለበት። የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ማለዳ በጣሪያችን ላይ እየጮኸ የሚያልፈው እሱ ነው። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኝም። ልጄ አሥር እርምጃ ያህል ርቃ ቁጢጥ አለች። ምንቃሩን አፈሩ ውስጥ እስከ ግንባሩ ሲሰካ እያየች ትንፋሿን ያዘች። ወዲያው ከኋላችን ሦስት ወጣቶች ስልካቸውን ዘርግተው እየሮጡ መጡ፤ ወፉ ተነሥቶ ሄደ። ፎቷቸውን ባዶው ሣር ላይ ተነሡና እነሱም ሄዱ።

ሙዚየም የተሻለ ይሆናል ብላችሁ ትገምቱ ይሆናል። ድንቅነሽን ልናይ የሄድነው አንድ ቅዳሜ ነው። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሐዳር በሚባል ቦታ እንደተገኘች፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ እንደሆናት፣ ከአጥንቷም 40 በመቶ ያህሉ እንደተገኘ ከቤት ጀምሬ ነግሬያታለሁ። ቁመቷን ግን አልነገርኳትም ነበር። ልጄ ቆሞ ከሚታየው አጽም ፊት ስትደርስ ዝም አለች። ከዚያ መዳፏን አናቷ ላይ አድርጋ፣ ሳታወርድ ሳታነሣ ቀጥ አድርጋ ወደ መስታወቱ ገፋችው። «እማዬ፣ እኔን ታክላለች!» እውነቷን ነው። ድንቅነሽ ትልቅ ሰው ሆና ሳለ ቁመቷ 1 ሜትር ከ10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነበር። ለአንድ የስድስት ዓመት ልጅ ከዚህ የሚበልጥ ምን ትምህርት አለ?

በዚያችው ደቂቃ አንድ ትምህርት ቤት ስልሳ የሚሆኑ ተማሪዎች ይዞ ገባ። መምህራቸው «እዩና እለፉ! ቶሎ ቶሎ!» እያለ ከኋላ ይነዳቸዋል። ልጄን ገፍተው ግድግዳው ጋ አደረሷት። ልጆቹን አልቆጣም፤ እንዲያውም ያሳዘኑኝ እነሱ ናቸው። ከመካከላቸው አንዱ ትንሽዬ ልጅ ቆም ብሎ «ቲቸር፣ ጉልበቷ ለምን…» ብሎ ጀምሮ ነበር። ጥያቄውን ሳይጨርስ ወሰዱት። ወላጁ ለጉብኝት ከፍሏል፣ ልጁ ሌሊቱን በጉጉት ሳይተኛ አድሯል፤ የደረሰው ሁለት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ያ ልጅ ሊጠይቅ የነበረው ደግሞ የድንቅነሽን ዋና ነገር ነው። ቀና ብላ በሁለት እግሯ ትሄድ እንደነበር ከሚመሰክሩት አጥንቶች አንዱ ጉልበቷ ነው።

ሲረጋጋ ልጄ «ይቺ እውነተኛዋ ናት?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ ሳልሰጣት አጠገባችን የነበረ አንድ ጎልማሳ ቀደመኝና «እውነተኛዋንማ ፈረንጅ ወስዷታል» አላት። እንዲህ ያለውን ሰው በየሄድንበት አገኘዋለሁ። ዋናው አጥንት እዚሁ አዲስ አበባ ካዝና ውስጥ ይጠበቃል፤ ሕዝብ የሚያየው ቅጂውን ነው። እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2013 አሜሪካ ቆይታ ተመልሳለች፤ በ2025 ደግሞ ሰላም ከተባለችው ሕፃን ቅሪተ አካል ጋር ለእይታ ፕራግ ሄዳ ነበር። ይህን ሁሉ ለልጄ ማስረዳት አላቃተኝም። ግን ትልቅ ሰው የተናገረው ነገር በልጅ ልብ ውስጥ ቶሎ አይነቀልም። ሳምንቱን ሙሉ «ለምን ሰጠናቸው?» እያለች ስታዝን ሰነበተች። የማናውቀውን አላውቅም ብንል ምን እናጣለን?

ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ግን የስም ነገር ነው። ወፎችና የዱር እንስሳት ቆዳቸው ተሞልቶ የተደረደሩበት አንድ አዳራሽ ወስጃት ነበር። ልጄ ማንበብ ጀምራለች፤ የሱቅ ታፔላ ሁሉ ጮክ ብላ እያነበበች ነው የምትሄደው። እዚያ ግን የሚነበብ አጣች። መግለጫው በእንግሊዝኛና በላቲን ነው፤ የተሰቀለውም በእኔ አንገት ልክ። ክንዴ እስኪዝል አንሥቼ አሳየኋት። «ምን ይላል?» ትለኛለች፤ አነብላታለሁ። «በአማርኛስ?» ትለኛለች። የአንዳንዱን አውቃለሁ፤ የብዙውን አላውቀውም። እዚያ ያለውን አስጎብኚ ስለ አንዲት ወፍ ጠየቅኩት፤ ግቢያችን ውስጥ በየቀኑ የምናያት ወፍ ናት። «አንድ ዓይነት ወፍ ናት» አለኝና ወደ ሌሎቹ ጎብኚዎች ዞረ።

ይሄ ነገር ቤት ከገባሁም በኋላ አልለቀቀኝም። ምክንያቱም ስም አጥተን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ኤድዋርድ ሩፔል የሚባል ጀርመናዊ የሰሜኑን የሀገራችንን ክፍል እየዞረ እንስሳት ሰበሰበ። የሰበሰበው እስከ ዛሬ ፍራንክፈርት ዘንከንበርግ ሙዚየም አለ። እ.ኤ.አ. በ1835 እንስሶቹን ለሳይንስ ሲያስተዋውቅ ጭላዳን «ጌላዳ»፣ ጉሬዛን «ጉሬዛ»፣ ዋልያን «ዋሊ» ብሎ መዘገባቸው። ቀይ ቀበሮንም በኋላ በሰሜን ተራሮቻችን ስም «ሲሜንሲስ» አለው። ከዚያ ወዲህ በዓለም ዙሪያ ያለ ተመራማሪ ጉሬዛን በሳይንሳዊ ስሙ ሲጽፍ፣ የሚጽፈው ያገራችን ሰው ከዛፉ ሥር ቆሞ ይጠራበት የነበረውን ቃል ነው። እንግዳ ሰው ጠይቆ፣ ሰምቶ፣ ጽፎ የወሰደውን ስም እኛ ለገዛ ልጆቻችን በገዛ ፊደላችን አንድ መስመር አንጽፍላቸውም። አማርኛ ብቻ ይሁን አላልኩም፤ በኦሮምኛም፣ በሲዳምኛም፣ ልጁ አፉን በፈታበት ቋንቋ ይጻፍለት። ልጅ ስሙን ያላወቀውን ነገር ማታ ለአባቱ እንዴት አድርጎ ያወራዋል?

ከከተማ ወጣ ብንልስ ብዬ በጥር ወር ወደ ደብረ ሊባኖስ ይዣት ሄድኩ። ገደሉ አፋፍ ላይ ጭላዳዎቹ ነበሩ፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው! ቂጣቸው ላይ ተቀምጠው በሁለት እጃቸው ሣሩን እየነጩ፣ ሳይነሡ እየተንፏቀቁ ይበላሉ። ከዝንጀሮ ወገን ኑሮውን በሣር ላይ የመሠረተ ከጭላዳ ሌላ የለም። ልጄ አንዲት እናት ልጇን ጀርባዋ ላይ አዝላ ስትግጥ አይታ የራሷን ጣቶች ማገጣጠም ጀመረች፤ የጭላዳዋ አውራ ጣትና ሌባ ጣት እንዴት እንደሚገጥሙ ልታሳየኝ። ለአንድ ሩብ ሰዓት ያህል ደስታዬ ሙሉ ነበር። ከዚያ አንድ ሀይገር ሙሉ ሰው ወረደና ብስኩት መወርወር ተጀመረ። አንዱ ለስላሳ ጠርሙሱን ጨምሮ ወረወረ። ትልቁ ወንድ ሲያገጥጥባቸው ደግሞ ድንጋይ አነሡ። «ተዉ፣ ሣር ነው የሚበሉት» ብላቸው አንዲት ሴትዮ «እህቴ፣ ዝንጀሮ እኮ ነው፣ ምን አስጨነቀሽ?» አለችኝ። ብስኩት የለመደ ጭላዳ ነገ ሰው ሲያይ ይጠጋል፤ የተጠጋ ዕለት ዱላ ይወርድበታል። ይህን ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም።

ሩቅ መሄድም አያሻኝም፤ ግቢያችን ውስጥም ያው ነው። ነሐሴ ላይ ቁጥቋጦው ውስጥ እስስት አገኘች። አንደኛው ዓይኗ ወደ ፊት፣ ሁለተኛው ወደ ኋላ ሲያይ እያየች «ሁለቱንም በአንዴ ታያለች?» እያለች ሮጣ ልትጠራኝ መጣች። ስንመለስ አንድ ጎረቤታችን በድንጋይ ጨፍልቋታል። «ለልጅቷ ብዬ ነው፤ መርዝ አላት እኮ» አለኝ፣ በቅንነት። እስስት መርዝ የላትም። ከዝንብና ከፌንጣ በቀር የምትጎዳው የለም። ዘመዶቼ ደግሞ «ሴት ልጅ ጥንዚዛ ትይዛለች እንዴ?» ይሉኛል፤ አጥንትና ትል ስትወድ ዝም ያልኳት እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ። ለጅብ ተረት ሲሆን ግን ሁሉም ጎበዝ ነው። «ጅቡ ይበላሻል» ያላላት ሰው የለም። ጅብ በየሌሊቱ የከተማውን ሥጋና አጥንት ለቅሞ እንደሚያነሣልን የነገራት አንድም ሰው የለም።

ከአፈርና ከአጥንት አጠገብ የዋለች ልጅ ግን የእኔዋ የመጀመሪያዋ አይደለችም። ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ፣ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ አዋሽ ዳር መልካ ቁንጡሬ አለ። እ.ኤ.አ. በ2024 ባልጪት ከሚባለው ቦታ ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። እዚያ ጭቃ ላይ የቀሩ የእግር ዱካዎች ተገኝተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ጥናት 700 ሺህ ዓመት ገደማ እንደሚሆናቸው ይናገራል። ከዱካዎቹ መካከል የትንንሽ ልጆች አሉበት። አዋቂዎቹ ድንጋይ ሲያሾሉና ጉማሬ ሲበልቱ ልጆቹ አብረዋቸው ነበሩ ማለት ነው፤ ከሥራው አጠገብ፣ ጭቃው ውስጥ። ይህን ለልጄ ስነግራት «እናቶቻቸው አልተቆጧቸውም?» አለችኝ። እሷ የምታውቀው ጭቃ ስትረግጥ «ጫማሽን!» የሚላትን ሰው ነውና።

እኔ የተለየ ነገር አልጠየቅኩም። አዲስ መናፈሻ ሥሩልኝ፣ በነፃ አስገቡኝ አላልኩም። በየቦታው መግለጫ የምትጽፉ፣ እባካችሁ የሀገሩን ስም ጨምሩበት፤ ከመሬት አንድ ሜትር ላይ ስቀሉት። መምህራን፣ ከአሥር ነገር አንዱን ብቻ አሳዩአቸውና እዚያው ፊት አቁሟቸው፤ ጠይቀው ይጨርሱ። እናንተም መንገደኞች፣ መሬት ላይ ቁጢጥ ብላ የሆነ ነገር የምታይ ልጅ ካጋጠመቻችሁ፣ በጎን በኩል ዞር ብላችሁ እለፉልኝ።