አራት ኪሎን ተሸክሞ ከስድስት ኪሎ

ባንክ የሚሠራው ጓደኛችን ከስድስት ኪሎ ተነስቶ ደብረ ሊባኖስ ድረስ በሩጫ ሊሄድ መቁረጡን ያበሠረን ከአራት ኪሎ በታክሲ መጥቶ ነው። ያውም ተሰልፎ ጠብቆ።

«መቶ ኪሎ ሜትር ግድም ናት» አለ፣ ከጀበናው አጠገብ በርጩማ እየሳበ። «ደጋፊ መኪና የለም፣ ውሃ አቀባይ የለም፣ አጨብጫቢ የለም። ራሳችንን ችለን ነው የምንሮጠው።»

«አንተ?» አለች ነርሷ። «ሆድህ ከአንተ ሁለት ደቂቃ ቀድሞ ይገባል። ሰዓት የሚያዝልህ ግን በጀርባህ ነው።»

«ሆዴ ስንቄ ነው። ራሱን የቻለ ሯጭ ስንቁን ይሸከማል።»

ጋሼ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው። ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «የምኒልክ ሠራዊት በ1888 ዓ.ም. ከዚህ አገር አድዋ ድረስ ሲዘምት በሶውን፣ ቆሎውንና ቋንጣውን በስልቻ ይዞ ነበር። ስልቻው ግን ከሰውየው ውጭ ነበር።»

እንግዲህ ጠረጴዛችን እንዲህ ነው። አንበሳ ግቢ አጠገብ ቡና የምታፈላ እትዬ አለችን፤ ተረቡ የሚፈላው ከቡናው ጋር ነው። ግቢው እ.ኤ.አ. በ1948 ከተከፈተ ጀምሮ አንበሳ እያገሳ ከበርጩማው ያልተነሳ ሰፈር ነው። አሁን ማንም ሳያባርረን እንሩጥ የሚል ሰው ሲመጣ ዝም ብለን እንድናሳልፈው ነው?

ጠበቃው፣ ልማዱ ነውና፣ ከሩጫው በፊት ሕጉን ይዞ መጣ። «ይህ ነገር በዓለም ላይ ሦስት ዓይነት ነው» አለ። «አንደኛው፣ ደጋፊ ቡድን እየተከተለህ፣ እያጠጣህ፣ እያጎረሰህ የምትሮጠው። ሌላው፣ የምትበላውን ሁሉ ከመነሻው ተሸክመህ ከወንዝና ከምንጭ ውሃ በቀር ምንም ሳትነካ የምትጨርሰው። እኛ መሐለኛው ነን። ከሱቅ መግዛት ይቻላል። ለማንም መንገደኛ ክፍት የሆነውን ሁሉ መጠቀም ይቻላል። ለአንተ ብቻ ተብሎ የተዘጋጀ ነገር ግን ክልክል ነው።»

«እንግዲያው ዱቤም ቀረ» አለች እትዬ ከሰሏን እያራገበች። «እሱን ለእናንተ ብቻ ነበር ያዘጋጀሁት።»

ባንከኛው ተስፋ አልቆረጠም። ስልኩን አውጥቶ የጣዖቶቹን ፎቶ ያሳየን ጀመር። አሜሪካ፣ ቴነሲ ውስጥ ባርክሌይ የሚባል ሩጫ አለ። እ.ኤ.አ. በ1986 የተጀመረ ነው፤ አምስት ዙር፣ 60 ሰዓት፣ ጫካና ገደል። መንገዱ ላይ ምልክት የለም፣ ጂፒኤስ ይዞ መግባትም ክልክል ነው። አዘጋጁ ሲጋራውን ሲለኩስ ሩጫው ይጀመራል። ብዙ ዓመት አንድም ሰው ሳይጨርሰው ያልፋል።

«መመዝገቢያው ስንት ነው?» አልኩት።

«1 ዶላር ከ60 ሳንቲም።»

«ታዲያ እሷን ዶላር ከባንክህ ለማስፈቀድ የምትሮጠው ሩጫ ከባርክሌይ አይበልጥም?»

«ስማኝማ! ጫካው ውስጥ በየቦታው መጽሐፍ ይደበቃል። ሯጩ መጽሐፉን ፈልጎ ያገኝና ደረቱ ላይ ካለው ቁጥር ጋር የሚገጥመውን ገጽ ቀዶ ይዞ ይመለሳል። ማስረጃው እሱ ነው።»

«እንጦጦ ጫካ መጽሐፍ ብትደብቅ» አለች ነርሷ፣ «ገጽህን የምታገኘው ሽሮ ሜዳ ነው። ቆሎ ተጠቅልሎበት።»

የሩጫው ሐሳብ የመነጨበት ታሪክ ደግሞ ከሩጫው ይብሳል። ማርቲን ሉተር ኪንግን የገደለው ጄምስ ኧርል ሬይ እ.ኤ.አ. በ1977 እዚያው ተራራ ሥር ከነበረው እስር ቤት አመለጠ። 54 ሰዓት ጫካ ለጫካ ተንከራቶ ሲያዝ የራቀው 13 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። የባርክሌይ አዘጋጅ ይህን ሰምቶ «እኔ ብሆን በዚህ ሰዓት መቶ ማይል እሄድ ነበር» ብሎ ፎከረ፤ ፉከራው ውድድር ወለደ።

«በ54 ሰዓት 13 ኪሎ ሜትር?» አሉ ጋሼ። «ይሄ ሰውዬ ሜክሲኮ ልሂድ ብሎ ታክሲ ሲጠብቅ ነው የተያዘው።»

ነርሷ ግን በዚህ አልሳቀችም። እ.ኤ.አ. በ2024 ጃስሚን ፓሪስ የምትባል እንግሊዛዊት ባርክሌይን በመጨረስ የመጀመሪያዋ ሴት ሆናለች። 60 ሰዓቱ ሊሞላ 99 ሰከንድ ሲቀረው የመድረሻውን በር ነክታ እዚያው ወደቀች። ነርሷ ይህን ስታወራ ዓይኗ ያበራል፤ ከእኛ መሐል የምር የምትሮጠው እሷ ብቻ ናት።

«99 ሰከንድ እኮ ምንም ማለት አይደለም» አለ ባንከኛው።

«ላንተማ አይደለም። አንዱን ጫማህን አስረህ አትጨርስባትም።»

ጫማው ከተነሳ ዘንድ፣ አዲስ ነበር። ዋጋውን ሲነግረን እትዬ ሲኒ ልትጥል ነበር። «አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሲገባ ባዶ እግሩን ነው» ብለው ጋሼ ጀመሩ።

«እሱ የሮጠው ከተማ ውስጥ ነው። እኔ ጥሻ ነው የምገባው።»

«አፒያ ጎዳና የሚባለው ጥርብ ድንጋይ ነው፤ ባዶ እግር ከሱና ከጥሻ ቢመርጥ የቱን ይመርጣል? ለማንኛውም አበበ ያለ ጫማ ሰዓት አስመዘገበ። አንተ ያለ ሰዓት ጫማ አስመዝግበሃል።»

የስንቁ ነገር ደግሞ አንድ ከሰዓት በኋላ ፈጀብን። ሞሮኮ ውስጥ፣ ሰሐራ ላይ፣ ማራቶን ደ ሳብል የሚባል 250 ኪሎ ሜትር ግድም የሆነ የቀናት ሩጫ አለ። ውሃና ድንኳን ይሰጥሃል፣ ምግብህን ግን ራስህ ትሸከማለህ፤ ሲጀመር ቢያንስ 14,000 ካሎሪ ቦርሳህ ውስጥ መኖሩ ይታያል። ባንከኛው ይህንኑ ደንብ ለእኛም ካልጻፍኩ አለ። ነርሷ ወረቀት አወጣች፤ መቶ ግራም በሶ 350 ካሎሪ ግድም ይሰጣል፣ ስለዚህ 14,000 ካሎሪ ማለት…

«አራት ኪሎ» አለች።

«ተመልከቱት!» አሉ ጋሼ። «ከአራት ኪሎ በታክሲ ይመጣና አራት ኪሎን ተሸክሞ ከስድስት ኪሎ ሊነሳ ነው። ሂሳቡ የት ላይ እንደተበላሸ አንድ ባንከኛ ይንገረን።»

ባንከኛው ግን ደንቡን እያረመ ሄደ። ሌሊት ስለምንነሳ የራስ ባትሪ ያስፈልጋል፤ ባትሪ ከሱቅ ስለሚገዛ ይፈቀዳል። አሯሯጭ ግን በጭራሽ አይፈቀድም፤ ከጎን እየሮጠ ፍጥነት የሚጠብቅልህ ሰው ካለ ራስህን አልቻልክም ማለት ነው።

«ጅቡስ?» አልኩት። እንጦጦ በሌሊት ባለቤት አለው።

ጠበቃው አሰበበት። «ጅብ ለማንም መንገደኛ ክፍት ነው። ይፈቀዳል።»

የቀረው የመንገዱ ክርክር ነበር። እዚህ ላይ ጋሼ ተረባቸውን ትተው በጣታቸው ወደ የካቲት 12 ሐውልት አመለከቱ። «አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ከዚህ ግቢ፣ ከገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ወርውረው ወደ ደብረ ሊባኖስ ነው የሸሹት። የካቲት 12 ቀን 1929። ጣሊያን አገር ምድሩን እያሰሰ፣ ከተማው እየነደደ።» አፋቸውን ጠረግ አደረጉ። «እነሱ እንኳ በስምዖን አደፍርስ መኪና ነው የሄዱት። አንተ ማን ተከተለኝ ብለህ ነው በእግርህ የምትሄደው?»

ሳቅን። በዚያው ዓመት በግንቦት ግራዚያኒ የደብረ ሊባኖስን መነኮሳት በጥይት ማስፈጀቱን የማያውቅ ግን ጠረጴዛው ላይ አልነበረምና ሳቁ ሳያልቅ ቆመ። እትዬ ነች የታደገችን። እናቷ ለግንቦት ተክለ ሃይማኖትም ለነሐሴውም ከከተማ ተነስተው፣ ዳቦ ቆሎ ቋጥረው፣ በእግራቸው ይደርሱ እንደነበር ነገረችን።

«በስንት ሰዓት?» አለ ባንከኛው።

«በዓሉ ሳያልፍ።»

ቅዳሜ ሌሊት ተነሳን። ጋሼ መቼም በዚህ ዕድሜያቸው አይሮጡም፤ ሐውልቱ ጋ ጋቢያቸውን ለብሰው ሊሸኙን ወጥተዋል። ጠበቃው «ጋሼ፣ እንዳያጨበጭቡ፣ ድጋፍ ይሆንብናል» አላቸው። «አይዞህ፣ የሚያስጨበጭብ ነገር አላየሁም» አሉት።

ሽሮ ሜዳን ስናልፍ ሱቆቹ ተዘግተዋል፣ ተረቡ ግን ገና ክፍት ነበር። ከዚያ ዳገቱ ጀመረ። እንጦጦ አናቱ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ እዚያ ያለው አየር ለትንፋሽም አይበቃ እንኳን ለምላሽ። ስድስት ኪሎ ላይ አንድ ሰዓት ሙሉ አፉ የማይዘጋው ባንከኛ ባሕር ዛፉ ሥር ሲደርስ አንዲት ቃል ብቻ ቀረችው፤ እሷም «ቆይ» ነበረች። እውነቱን ልናገር፣ ይህን ሩጫ የወደድኩት እዚህች ላይ ነው። ለሰውነት ይጠቅማል፣ ጭንቀት ያርቃል የሚሉትን ለሐኪም ትቼዋለሁ። ጓደኛን በሃያ ዓመት ክርክር ዝም ማሰኘት ያቃተው ሰው ዳገት ይሞክር።

ሲነጋጋ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች አገኘን። ሸክሙ ከወገብ በላይ ያለውን ሰውነት ጨርሶ ይሸፍናል፤ እግርና እንጨት ብቻ ነው የሚታየው። አንዷ ሸክሟን ድንጋይ ላይ አስደግፋ ትንፋሽ ስትወስድ ቦርሳችንን አየችው።

«ምን ይዛችኋል?»

«ውሃና በሶ» አለች ነርሷ።

«ወደ ላይ?» አለች ሴትዮዋ። «ገበያው እኮ ታች ነው።»

ከእንጦጦ ወዲያ ቁልቁለቱ ወደ ሱሉልታ ሜዳ ይጥላል። በአስፋልቱ ሳይሆን በሣሩ፣ በከብቱ መሐል ሄድን። የሱሉልታ ውሻ ባይኖር ኖሮ ፍጥነታችን በታሪክ አይጠቀስም ነበር። ጠበቃው ለውሻውም ሕግ ፈልጎለታል፤ እስኪናገር ግን ቀድሞን ሄዷል። ሜዳው ረግረግ ሲሆንብን አስፋልቱ ዳር ወጣን። አንድ የፍቼ ሚኒባስ ከጎናችን ፍጥነቷን ቀነሰች፤ ረዳቱ በመስኮት ወጥቶ «ፍቼ ነው! ሁለት ሰው! ግቡ!» አለ።

ባንከኛው ደረቱን ነፋ። «እኛ በእግራችን ነን!»

«ምን ሆናችሁ?»

«ምንም! ራሳችንን ችለን ነው!» ረዳቱ በሩን ዘግቶ ሳቁን ለተሳፋሪው አከፋፈለው። ባንከኛው ያቺን አንድ ኪሎ ሜትር እንደ ፈረስ ሰገረባት።

ቻንቾ ስንደርስ ማራቶን ሊሞላን ምንም አልቀረን። ከ42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ያለፈ ሁሉ አልትራ ይባላል፤ ባንከኛው «አሁን ገና ሊጀመር ነው» እያለ ባለበት የአንድ ቤት ደጅ ላይ ቡና ይቆላል። የቤቷ እመቤት በኦሮምኛ ሰላም ብለውን ወዲያው በአማርኛ መረመሩን።

«ማን እያባረራችሁ ነው ልጆቼ?»

«ማንም አያባርረንም፣ እማማ።»

«እንግዲያው ምን ያስሮጣችኋል? ቁጭ በሉ።»

ባንከኛው አመነታ። «አይ፣ እማማ፣ ሕጉ አይፈቅድልንም።»

«የማን ሕግ?»

«የራሳችን።»

«ያወጣችሁት እናንተ ከሆናችሁ ሻሩታ!»

ጠበቃው እጁን አነሳ። ቀኑን ሙሉ ሲጠብቃት የነበረች ሰዓት ደርሳለች። «መሻር አያስፈልግም» አለ። «አንድ ጥያቄ ብቻ፣ እማማ። ይህንን ቡና ለእኛ ብለው ነው ያፈሉት?»

«ለእናንተ? ማን መሆናችሁን አውቄ?»

«ሌላ መንገደኛ ቢያልፍስ?»

«ምን ማለትህ ነው? ያልፋል እንዴ ዝም ብሎ?»

«ተመዝግቧል» አለና ወደ እኛ ዞረ። «ለማንም መንገደኛ ክፍት የሆነ ነገር ይፈቀዳል። ቡናው ክፍት ነው። ቆሎው ክፍት ነው። በዚህ ደንብ ከዚህ እስከ ደብረ ሊባኖስ ያለው ደጅ ሁሉ ሕጋዊ ነው። ደንቡን የጻፉት ፈረንጆች እንብላ የሚል ሰው መንገድ ላይ አጋጥሟቸው አያውቅም፤ ቢያጋጥማቸው ኖሮ አንቀጽ ይጨምሩ ነበር።»

ተቀመጥን። አቦሉን ጠጣን፤ አቦል ጠጥቶ የሚነሳ ደግሞ የቤቱን ሰው ይሰድባልና ቶናን ጠበቅን። በረካን ሳይጠጡ መሄድማ ነውር ነው። መሐል ላይ እንጀራ መጣ። እማማ የነርሷን እግር አይተው ውሃ የቋጠረውን በሞቀ ውሃና በጨው አጠቡላት፤ ጠበቃው «ይሄም ለማንም…» ሲል «ዝም በል፣ ይሄ ለሷ ብቻ ነው» አሉት። በረካው ሲያልቅ ከጉልበታችን በታች ያለው አካል የእኛ መሆኑን ማስረጃ የሚያቀርብ አልተገኘም። ባንከኛው ሊነሳ ሞከረና በክብር ተመልሶ ተቀመጠ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለ ጠበቃውን፣ ወደ አስፋልቱ እያየ። «ሚኒባስም ለማንም መንገደኛ ክፍት ነው አይደል?»

ጠበቃው ትንሽ ዝም አለና «ታሪፉ ከተከፈለ» አለ።

ተደጋግፈን ወጥተን አስፋልቱ ዳር ቆምን። ከፍቼ በኩል አንዲት ሚኒባስ መጣች፤ አራታችንም እጃችንን አነሳን። ቆመች። በሩ ተከፈተ፣ ያው የጠዋቱ ረዳት ነው። ከላይ እስከ ታች አየን፤ ጫማው ላይ ሲደርስ አወቀን።

«ውይ፣ ራሳቸውን የቻሉት!» አለና በሩን ሳበው። «ሞልቷል። ሩጡ!»