ብርድ ያስመቱኝ ድንኮች

ወይ የዘንድሮ ልጆች! የልጅ ልጄ ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ፊዚክስ ተማረልን፤ ተመስገን ብለን ሳንጨርስ በሆሳዕና ብርድ ከጋቢዬ አውጥቶ በዱራሜ በኩል ያለውን ሰማይ ያሳየኛል። «አባባ፣ እዚያ ጋ ሁለት ቡናማ ድንኮች አሉ።» «የታሉ?» «በዓይን አይታዩም።» ደግነቱ የሀምበሪቾ ተራራን 777 ደረጃ ውጣልኝ አላለኝም።

ሉማን 16 ይባላሉ። 6.5 የብርሃን ዓመት ብቻ ርቀው ሳለ እስከ 2013 እ.ኤ.አ. ድረስ ያወቃቸው የለም፤ የዘመኑ ጉርብትና ይሄው ነው። ሃይድሮጅን አንድዶ ኮከብ ለመባል የ75 ጁፒተር ያህል ክብደት ይጠይቃል፤ እነዚህ 34 እና 29 ገደማ ናቸው። ስለዚህ ሲወለዱ ይሞቃሉ፣ ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልክ መቀዝቀዝ ነው። (እኔስ ብሆን?)

ሊቃውንቱ የሚጨቃጨቁት በቡናማ ድንኮች አወላለድ ነው። አንደኛው ወገን «ጋዙን በልተው ሳይጠግቡ ኮከብ ወንድሞቻቸው በስበት ወንጭፈው ከቤት አባረሯቸው» ይላል። ሌላው «የለም፣ እንደ ማንኛውም ኮከብ ከራሳቸው የጋዝ ደመና ተጨምቀው ነው የተወለዱት» ባይ ነው። ከቤት ስለመውጣት ከሆነማ ሆሳዕናን ጠይቁ! ስንቱ ጎረምሳችን በሞያሌ አድርጎ ደቡብ አፍሪካ ገባ፤ ሚስቱን እጇን ይዞ የሄደ ግን ማን አለ? ድንኮቹ ግን ተጣምረውም ይገኛሉ። ተራርቀው የሚዞሩ፣ ትንሽ ቢገፈትሯቸው የሚለያዩ ጥንዶች ሳይቀሩ አሉ። ተወንጭፈው ቢሆን ኖሮ ያ ትዳር ያን ጊዜውኑ በፈረሰ። አንዳንዶቹ ተባረው ሊሆን ይችላል፣ አልከራከርም፤ አብዛኞቹ ግን እንደ ኮከብ ነው የተወለዱት፤ ያነሳቸው ቀለብ ብቻ ነው።

ጥንድነታቸው ለሚዛንም ይበጃል። ብቻውን የሚንከራተተውን ድንክ በቀጥታ መመዘን አስቸጋሪ ነው፤ ሁለት ሲሆኑ ግን አንዱ ሌላውን ሲጎትት ክብደታቸው ይሰላል። ግሊዝ 229ቢ የሚሉትን እዩት። በ1995 እ.ኤ.አ. ይፋ ሲሆን አንድ ነው ተባለ። ኋላ የሚዞረውን ኮከብ ሲጎትት አይተው ሲመዝኑት 71 ጁፒተር ያህል ወጣው፤ ይህን ያህል ከብዶ ምን አፈዘዘው ብለው ግራ ገባቸው። በ2024 ጉዱ ወጣ፤ በየ12 ቀኑ እርስ በርስ የሚዞሩ ሁለት ድንኮች ናቸው! ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ምን ቀረው? በኛ ጊዜ እኮ ሽማግሌ ገበያ ዳር ተቀምጦ፣ ባልና ሚስት ተኳርፈው ተራርቀው ቢሄዱ እንኳ ከአካሄዳቸው ለይቶ ያውቃቸው ነበር፤ ያውም ያለ መነጽር።