ሞተሩን ማን ወሰደው?

አጎቴ ዕድሜያቸውን የፈጁት ደብረ ዘይት አየር ኃይል ውስጥ ሞተር ሲፈቱና ሲገጥሙ ነው። ጡረታ ከወጡም በኋላ ስለ ሞተር ሲያወሩ ስለ ወለዱት ልጅ የሚያወሩ ይመስላሉ። ቨርጂኒያ ውስጥ ግላይደር ማብረር መጀመሬን በስልክ ስነግራቸው ደስ አላቸው። «ከዘራችን አንድ ሰው እንኳ ሽቅብ ወጣ!» ብለው መረቁኝ። ቀጥለው የሞተሩን ዓይነት ጠየቁኝ።

«ሞተር የለውም፣ ጋሼ።»

መስመሩ የተቋረጠ እስኪመስለኝ ዝም አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ማን ወሰደው?» አሉኝ።

ጥያቄው የዋዛ አይደለም። ጀርመኖች ቢጠየቁ፣ «የቬርሳይ ውል ወሰደብን» ሳይሉ አይቀሩም። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ውሉ በባለሞተር አውሮፕላኖቻቸው ላይ ክልከላ ሲያበዛ፣ ወጣቶቻቸው በ1920 እ.ኤ.አ. ቫሰርኩፐ የሚባል ተራራ ላይ ወጥተው ያለ ሞተር መወዳደር ጀመሩ። በ2009 ደግሞ ኒው ዮርክ ላይ የዝይ መንጋ የአንድ መንገደኛ አውሮፕላን ሁለቱንም ሞተሮች ከጥቅም ውጭ አደረገ። ካፒቴን ሰለንበርገር 155 ነፍስ ይዘው ሃድሰን ወንዝ ላይ አሳረፉት፤ አንድም ሰው አልሞተም። ሰውየው ግላይደርም ያበሩ ነበር። ይህን ለአጎቴ በኩራት ነገርኳቸው።

«እሱ ተነጥቆ ነው» አሉኝ። «አንተ ግን በገዛ እጅህ፣ ገንዘብ ከፍለህ!»

እኔ የዋሽንግተን ታክሲ ነጂ ነኝ። ሳምንቱን ሙሉ ሰው ሳመላልስ እከርምና ቅዳሜ ማለዳ ወደ ምዕራብ ነድቼ ሼናንዶዋ ሸለቆ አጠገብ ካለች ትንሽ አየር ማረፊያ እደርሳለሁ። ያለው አንድ ማኮብኮቢያ፣ አንድ ሃንጋር፣ አንድ ጎታች አውሮፕላንና አንድ የቡና ማሽን ነው። በየሳምንቱ ከአራቱ አንዱ ይበላሻል።

ሰው ያለ ሞተር መብረር ሲባል እንደ ንስር ለብቻ መንሳፈፍ ይመስለዋል። እንደኛ ግን ሰው የሚያስቸግር የለም። የአብዛኛው ግላይደር ዋና ጎማ ሆዱ ሥር ያለችው አንዲቷ ስለሆነች፣ መሬት ላይ ሲሆን አንድ ክንፉን ሣር ላይ ጥሎ እንደ ደከመው ገበሬ ይጋደማል። ለመነሳት ገመድ የሚያያይዝ ሰው ያስፈልጋል፤ ሰማዩን የሚቃኝ ሌላ ሰው፤ ሰዓት የሚመዘግብ ሌላ ሰው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ክንፉን ቀና አድርጎ ይዞ አብሮ የሚሮጥ ያስፈልጋል። ይህን የመጨረሻውን ስመለከት አገሬ የገባሁ ይመስለኛል፤ ከተንቀሳቀሰ ሚኒባስ ጎን የሚሮጥ ወያላ ነው። ልዩነቱ የኛው ወያላ በመጨረሻ ዘሎ አይገባም።

ጎታቻችን ፓውኒ ትባላለች። ስትፈጠር የእርሻ መድኃኒት እንድትረጭ ነበር፤ ያኔ ተባይ ታጠፋ ነበር፣ አሁን ጀርባዋ ላይ ታዝላለች። የምትጎትትበት ገመድ 60 ሜትር ገደማ ነው። ጥንካሬው ከግላይደሩ ከፍተኛ ክብደት 80 በመቶ እንዳያንስ የአሜሪካ ሕግ ያዛል። ከእጥፍ ከበለጠ ደግሞ ጫፉ ላይ ቀድሞ የሚበጠስ ደካማ ማያያዣ ይግባለት ይላል። ጠንካራ ገመድ የሚፈራ ሕግ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። ሲያስረዱኝ ግን ገባኝ፤ ሁለት ወዳጆች አየር ላይ ከተጣሉ፣ በመካከላቸው ቶሎ የሚበጠስ ነገር ቢኖር ሁለቱም ይተርፋሉ።

እንግዲህ በየቅዳሜው ከመካከላችን አንዱ ተረኛ ይሆናል። ሥራው ማን መቼ እንደሚጎተት መወሰን ነው። እነሱ ረጅም ማዕረግ ሰጥተውታል፤ በአማርኛ ግን ተራ አስከባሪ ነው።

በኅዳር አንድ ቅዳሜ ተረኛው እኔ ሆንኩ። ሌሊቱን ቀዝቃዛ አየር አልፎ፣ ሲነጋ የሰሜን ምዕራብ ነፋስ ያፏጭ ነበር። ለኛ ይህ የሠርግ ጥሪ ነው። ማሳኑተን የሚባለው ተራራ 80 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ አጥር የተዘረጋ ነው። ነፋሱ መጥቶ ይገጨውና መሄጃ ሲያጣ ሽቅብ ይወጣል። ሸንተረሩን ይዞ የሚበር ግላይደር ነፋሱ እስካለ ድረስ አይወርድም። ካርል ስትሪዲክ የተባለ አሜሪካዊ በ1968 ከፔንሲልቬንያ ተነስቶ በእንዲህ ያለ ሸንተረር ላይ ደርሶ መልስ በመብረር የዓለም ሪከርድ ሰብሯል። እንዲህ ያለ ነፋስ ሲመጣ ታዲያ፣ ከሰኔ ጀምሮ ዓይናቸውን ያላየናቸው አባላት ሁሉ እንደ ሩቅ ዘመድ ብቅ ይላሉ።

ዘጠኝ ግላይደር፣ አንድ ፓውኒ። አንዱን ተራራው ድረስ ጎትቶ ለመመለስ ሩብ ሰዓት ያህል ይፈጃል። በሒሳብ ከሁለት ሰዓት ብዙም አይዘልም። ሒሳቡ ግን ሰው አላስገባም።

አንዱ፣ «እኔ ነኝ የቀደምኩት፤ ውጣና መኪናዬ ላይ ያለውን ውርጭ እይ» አለኝ። ሌላው ልደቱ እንደሆነ ነገረኝ፤ መዝገብ ሳገላብጥ በሚያዝያም ልደቱ ነበር። ሦስተኛው፣ «ባለቤቴ የፈቀደችልኝ እስከ ስምንት ሰዓት ብቻ ነው» ሲል እንባ ያቀረረ መሰለኝ፤ ሰብዓዊ ጉዳይ ስለሆነ አስቀደምኩት። ከሁሉ ፊት ግን የሰባ ስምንት ዓመቱን ሽማግሌ አስገባሁ። ሽማግሌ ቆመው ጎረምሳ ሲበር እንዴት ያያሉ?

«ለምን እኔን አስቀደምክ?» አሉኝ በጥርጣሬ።

«ለዕድሜዎ ክብር።»

ፊታቸው ጠቆረ። «ምን ዕድሜ አለኝ?» ብለው ግላይደራቸውን ወደ ሰልፉ መጨረሻ ለማስገፋት ሰው ጠሩ። ከመጨረሻ ስንመልሳቸው ሃያ ደቂቃ ነጎደ።

የፓውኒዋ አብራሪ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። አምስተኛውን ጎትተው ሲመለሱ ሞተሩን አጥፍተው ወረዱ። ነዳጅ ያለቀ መስሎኝ ነበር፤ የራባቸው እሳቸው ናቸው። የቡና ማሽኑ ተበላሽቷል፤ ከተማው ሩቅ ነው፤ ነፋሱ ደግሞ አይጠብቅም። ከቦርሳዬ ባለቤቴ የቋጠረችልኝን ዳቦ ቆሎ አውጥቼ ዘረጋሁላቸው። ቀምሰው፣ ዝም ብለው፣ ሙሉውን ይዘው ወደ ፓውኒ ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ማሳኑተን ላይ የወጣ ሁሉ በከፊል በበርበሬ ነው የወጣው።

የኔ ተራ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ደረሰ። ክንፌን ይዘው የሮጡልኝ በርረው የተመለሱት ሽማግሌ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሊያስመሰክሩብኝ እንደ ጎረምሳ ከነፉ። ተነሳን። ሁለት መቶ ጫማ ስንደርስ «ሁለት መቶ!» ብሎ መጮህ ደንብ ነው፤ ከዚያ በታች ገመድ ከተበጠሰ ወደፊት ያለ ሜዳ ላይ ማረፍ፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ዞሮ መመለስ ይቻላል። ያን ቀን ግን ሁለት መቶ እንደ ደመወዝ ቀን ሆነብኝ፤ ይቀርባል እንጂ አይደርስም። ፓውኒ ታቃስታለች፣ ዛፎቹ አይርቁም። በድንገት ጅራቷን ግራና ቀኝ ትወዘውዝ ጀመር።

ጎታች ከፊት ሆኖ የሚናገርባቸው ሁለት ዋና ምልክቶች አሉ። ክንፉን እንደ እስክስታ ትከሻ ከፍ ዝቅ ካደረገ «አሁኑኑ ገመዱን ልቀቅ!» ማለቱ ነው። ጅራቱን ከወዘወዘ ደግሞ «ራስህን ፈትሽ፤ የአየር ፍሬንህ ተከፍቷል» ማለቱ ነው። ሁለቱን አምታቶ ገመዱን የለቀቀ ሰው፣ ፍሬኑ እንደተከፈተ፣ ያለ ከፍታም ያለ ጎታችም ይቀራል። እጄ ቢጫዋን የገመድ መልቀቂያ ጨብጦ ነበር። «ትከሻ ነው ጅራት? ትከሻ ነው ጅራት?» እያልኩ ቀና ስል ጅራት ነው። ወደ ክንፌ ዞርኩ። ፍሬኖቹ ሁለቱም ቆመዋል። የሰው ተራ ስቆጥር ውዬ ሰማያዊውን እጀታ መቆለፍ ረስቼ፣ ነፋሱ ስቦ ከፍቷቸዋል። ስዘጋቸው ፓውኒ ከጀርባዋ ጆንያ እንደወረደላት ሽቅብ ተወነጨፈች። ሃያ ዓመት ታክሲ የነዳሁ ሰው፣ የእጅ ፍሬን ይዤ ሰማይ ልገባ ነበር።

ሸንተረሩ ላይ ገመዱን ስለቅ ግን ሁሉም ዝም አለ። ነፋሱ ከሥር እንደ መዳፍ ይዞኛል። ቅጠላቸው የረገፈ ዛፎች ከክንፌ ጫፍ ብዙም ሳይርቁ ያልፋሉ። ከፊቴ መስታወት ላይ የተለጠፈችው የሱፍ ክር ቀጥ ካለች በትክክል እየበረርኩ ነው፤ ከመሣሪያዎቼ ሁሉ ርካሿ እሷ ስትሆን አንድ ቀን ዋሽታኝ አታውቅም። እዚህ ላይ የመንገድ ሕግም አለ። ሁለት ግላይደሮች ፊት ለፊት ቢገናኙ ሁለቱም ወደ ቀኝ መዞር ነበረባቸው። ተራራው በቀኙ ያለው ግን መሸሻ የለውም፤ ስለዚህ መንገድ የሚለቀው ሌላው ነው። ቅድሚያ መሸሻ ላጣ! ይህን ያህል ደግ የትራፊክ ሕግ ታክሲ ላይ አላየሁም።

አጠገቤ አንድ ጥንብ አንሳ መጣ። ክንፉን አንዴም ሳያርገበግብ አየኝ፣ ታርጋዬን የሚያነብ መሰለኝ፣ ከዚያ ጥሎኝ ሄደ። ቅር አላለኝም። ከሞክሼዎቹ አንዱ፣ በኛም ገደሎች የሚኖረው ዓይነት፣ በ1973 አቢጃን ላይ 11,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ከአውሮፕላን ጋር ተጋጭቷል። ያ ሁሉ ሲሆን ማንም ክንፉን ይዞ አልሮጠለትም።

ማታ አጎቴ ጋ ደወልኩ። ስለ ፍሬኑ ትንፍሽ አላልኩም።

«ስንት ቆየህ?»

«42 ደቂቃ፣ ጋሼ! ኦርቪል ራይት በ1911 በነፋስ ብቻ 9 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ ቆይቶ፣ አስር ዓመት ያህል የሚበልጠው አልተገኘም ነበር።»

«ጎበዝ። ወረፋውስ ላይ?»

«ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ተኩል።»

ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። «አሁን ገባኝ» አሉ በመጨረሻ። «ይሄ አየር ማረፊያ አይደለም፣ ቀበሌ ነው። ሞተሩም አልተሰረቀም፤ ፊርማ እየጠበቀ ነው።»