ዋስ የሌለው እጣ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ነሐሴ 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ፣ ወልቂጤ

ከናፍቆትና ከቤት ኪራይ በቀር የሚያመኝ የለም። ለመስቀል በሬ የሚደርስብኝን መዋጮ ልኬያለሁ። የባንኩ መልእክት ሲደርስዎ «ይህቺ ብቻ?» እንዳይሉ። እዚህ የአንድ ኪሎ ክትፎ ሥጋ ዋጋ ብነግርዎ መልሰው ለእኔ ያዋጡልኝ ነበር።

በቴሌግራም የላኩልኝን ድምፅ ደጋግሜ ሰማሁት። ሰላምታው አለ፣ የዝናቡ ወሬ አለ፣ ከዚያ ድምፅዎን ዝቅ አድርገው፣ «አሜሪካ ውስጥ የተሸነፈ ቡድን ይሸለማል የሚሉት እውነት ነው ወይ? እንዲያ ከሆነስ እያወቁ አይሸነፉም ወይ? ቶሎ መልስልኝ፣ ለክረምት ውድድር ኮሚቴያችን ያስፈልገኛል» አሉኝ። ስለ እኔ ሥራ አንድም ጥያቄ የለም። ግድ የለም፣ እኔ የእርስዎን ጥያቄ ስመልስ የእኔንም ሥራ ጣል አደርግበታለሁ።

የምሠራው ዋሽንግተን መሃል ከተማ፣ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ነው። ጥቂት ራመድ ሲሉ ካፒታል ዋን አሬና የተባለ ትልቅ አዳራሽ አለ። የከተማው የቅርጫት ኳስ ቡድን ዋሽንግተን ዊዛርድስ የሚጫወተው እዚያ ነው። ቡድን የሚያሸንፍ ከሆነ ተመልካቹ እስከ መጨረሻዋ ሰከንድ ቆይቶ ባንድ ጊዜ ይወርድብናል፤ ሁሉም ቸኩሏል፣ ሁሉም መኪናውን ቅድሚያ ይፈልጋል። ዊዛርድስ ግን አሳቢ ቡድን ነው። ገና በሦስተኛው ሩብ ላይ ደንበኞቻችንን አንድ ሁለት እያደረገ ይልክልናል። እ.ኤ.አ. በ2023/24 ከ82 ጨዋታ 15 አሸንፎ 67 ተሸነፈ። በቀጣዩ ዓመት እድገት አሳይቶ 18 አሸነፈ፣ 64 ተሸነፈ።

አጎቴ፣ ይህ ውጤት ወልቂጤ ላይ ቢመዘገብ አሰልጣኙ በጅማ መንገድ ይሸኝ ወይስ በአዲስ አበባ መንገድ ተብሎ ሽማግሌ ይቀመጥ ነበር። እዚህ ግን ቡድኑ ሲያሸንፍ የሚከፋው ደጋፊ አለ። አንድ ደንበኛችን ቁልፉን ሳቀብለው፣ «ዛሬ ምን አስቸኩሏቸው ያሸንፋሉ? እጣችንን አበላሹት እኮ!» ብሎ በሩን ጓ አድርጎ ሄደ። ጉርሻም አልሰጠኝም። ዊዛርድስ ያሸነፈ ዕለት የምጎዳው እኔ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኤንቢኤ በሚባለው ሊግ 30 ቡድኖች አሉ። በየዓመቱ ከዩኒቨርሲቲና ከውጭ አገር የሚመጡትን አዳዲስ ወጣቶች ቡድኖቹ በተራ ይመርጣሉ፤ ድራፍት ይሉታል። ደካማው እንዲያንሰራራ ተብሎ ቅድሚያው ለደካማ ተሰጠ። አሳቡ መልካም ነበር። ይሁን እንጂ ለመጨረሻ የሚሰጥ ነገር ካለ ወደ መጨረሻ የሚሮጥ አይታጣም። እ.ኤ.አ. በ1984 ሂዩስተን ሮኬትስ የውድድሩ ማብቂያ ላይ ሽንፈት ሲያበዛ ብዙ ሰው ጠረጠረው። ጫማውን ሊሰቅል ጥቂት የቀረውን የ38 ዓመቱን ኤልቪን ሄይስን በአንድ ጨዋታ 53 ደቂቃ አጫወቱት። እርስዎ በ38 ዓመትዎ 53 ደቂቃ ቆመው ሠርግ ቢያስተናግዱ እንኳ ይደክምዎት ነበር። ሮኬትስ በመጨረሻ የመጀመሪያውን ምርጫ አገኘ፤ ናይጄሪያዊውን ሐኪም ኦላጁዎንንም ወሰደ። ኦላጁዎን በኋላ ለቡድኑ ሁለት ዋንጫ አስገኘ። ሊጉም በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1985፣ «እንግዲያውስ እጣ ይውጣ» አለ።

እጣ ስል እቁብ ትዝ አለዎት? ለእኔም ትዝ ያለኝ እሱ ነው። እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የወልቂጤና የቡታጅራ ልጆች ሆነን የምንጥለው እቁብ አለን። ኤንቢኤን ለመረዳት ጋዜጣ ከማንበብ እቁባችን ውስጥ መቀመጥ ይሻላል። የእነሱ ዳኛ 14 ኳሶችን በመሣሪያ አማስሎ አራቱን ያወጣል፤ 1,000 የቁጥር ጥምረት አስቀድሞ ለቡድኖቹ ተከፋፍሏል። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ መጨረሻ የወጡት ሦስቱ ቡድኖች እያንዳንዳቸው 140 ጥምረት፣ ማለትም ከመቶ 14 ዕድል እንዲኖራቸው ተደረገ። ተራውን መሸጥም ይቻላል። ልክ እኛ ቀድሞ የደረሰንን እጣ ለቸኮለ ሰው እንደምንሸጠው፣ እነሱም የከርሞና የዛሬ አምስት ዓመት ምርጫቸውን ሳይቀር ይሸጣሉ።

አሁን ወደ ጥያቄዎ ልግባ። እያወቁ ይሸነፋሉ ወይ? ተጫዋቾቹ አይሸነፉም። አንድ የ20 ዓመት ልጅ ከርሞ ውሉ የሚታደስለት ዘንድሮ ባስቆጠረው ነው። የሚሸነፍለት አዲስ ምርጫ ደግሞ መጥቶ የእሱኑ ቦታ የሚወስድ ነው። ምትኩን ለማስቀጠር የሚለፋ ሠራተኛ የት ይገኛል? ሽንፈቱ የሚታቀደው ላይ ቤት ነው። ቢሮው ጥሩውን ተጫዋች ይሸጣል፣ ጉልበቱን ትንሽ ያመመውን «ይረፍ» ይላል፣ ልምድ የሌለውን ያሰልፋል። ከዚያ ልጆቹ ላባቸውን አንጠፍጥፈው ከልባቸው ይሸነፋሉ።

በዚህ ጥበብ ስሙን የተከለው ፊላደልፊያ ነው። ሳም ሂንኪ የሚባል ሥራ አስኪያጅ እ.ኤ.አ. በ2013 መጥቶ ነባሮቹን እየሸጠ ምርጫ ሰበሰበ። ቡድኑ በሦስት ተከታታይ ዓመታት 19፣ 18 እና 10 ጨዋታ ብቻ አሸነፈ። ደጋፊው «በሂደቱ እመኑ» እያለ ሽንፈትን እንደ ሱባኤ ተቀበለው። ሂንኪ በ2016 ሥራውን ለቀቀ። በዚያ ዘመን የተመረጠው ካሜሩናዊው ጆኤል ኤምቢድ በ2023 የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተባለ። ቡድኑ ግን ከዚያ ወዲህ ከጥሎ ማለፉ ሁለተኛ ዙር አላለፈም።

ዳላስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2023 ገና የማለፍ ዕድል እያለው፣ ከቺካጎ ጋር ሲጫወት ዋና ዋናዎቹን አሳረፈ፤ ሉካ ዶንቺችንም ገና በጠዋቱ አስወጣው። ለካ የዚያ ዓመት ምርጫው ከመጀመሪያዎቹ አሥር ውጪ ከሆነ ለኒውዮርክ የሚተላለፍ ኖሯል። ተሸነፈ፤ አሥረኛውን ምርጫም አስቀረ። ሊጉ 750,000 ዶላር ቀጣው። እኔ በዚህ ገንዘብ ወልቂጤ ላይ ምን እንደምሠራ ሳስብ እንቅልፍ አጣሁ፤ እነሱ ግን ከፍለው ተኙ።

የዘንድሮውን እጣ ቢያዩ ደግሞ የሰማይ ፍርድ ነው ይሉ ነበር። ግንቦት ላይ ኩፐር ፍላግ ለሚባል የ18 ዓመት ልጅ እጣ ወጣ። ከሁሉ በላይ የተሸነፈው ዩታ ነበር፣ 17 ብቻ አሸንፎ። ከእሱ ቀጥሎ የእኛው ዊዛርድስ። ሁለቱም ዓመቱን ሙሉ ተርበው ማዕዱ ሲቀርብ ዩታ አምስተኛ፣ ዊዛርድስ ስድስተኛ ተባለ። አንደኛው ማን ወጣ? ዳላስ! ከመቶ 1.8 ዕድል ብቻ ይዞ። ያውም ከሦስት ወር በፊት ዶንቺችን ለሎስ አንጀለስ ሌከርስ አሳልፎ ሰጥቶ ደጋፊው ሲረግመው የከረመ ቡድን ነው። በማግስቱ ሥራ ቦታ ሐዘን ቤት የገባን ያህል ዝም አልን።

እዚህ ላይ ነው እኔና የቡታጅራው ጓደኛዬ የተከራከርነው። እሱ፣ «ለደካማ ቅድሚያ መስጠቱ ነው ጥፋቱ» ይላል። እኔ አይደለም አልኩት። እቁባችንም እኮ ለቸገረው ቅድሚያ ይሰጣል። ሰው ሲታመምበት፣ ሠርግ ሲደርስበት፣ ሱቁ ሲቃጠልበት «እጣው ይለቀቅለት» እንላለን። ግን መጀመሪያ ችግሩን እናውቀዋለን፤ ቀጥሎ ዋስ ይጠራል፤ ገንዘቡን ከበላ በኋላም እቁቡ እስኪያልቅ ይጥላል። አንድ አባላችን «እናቴን ላሳክም» ብሎ ተራ ከወሰደ በኋላ በአዲስ ቶዮታ ሲመጣ ዳኛው ምንም አላለም። ዋሱን ብቻ ቀና ብሎ አየው። ዋሱ ቀሪውን ሥራ ሠራ። ኤንቢኤ እቁብን ከነእጣው ወስዶ ዋሱን ረስቷል። ዋስ በሌለበት ደግሞ ጤነኛውም ያቃስታል።

ሁለተኛው ምክንያት የሚወርድ አለመኖሩ ነው። እዚህ የመጨረሻ የወጣ ቡድን ከርሞም እዚያው ሊግ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2025/26 ውድድር የሚጀምር ወደ 76 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ የ11 ዓመት የቴሌቪዥን ውል አላቸው። የዚያን ገንዘብ ድርሻ አንደኛውም ሠላሳኛውም እኩል ይወስዳል። ወልቂጤ ከተማ ፕሪሚየር ሊግ በነበረባቸው ዓመታት እኛ የደረጃ ሰንጠረዡን እንዴት እናነብ እንደነበር ያስታውሳሉ? ከታች ወደ ላይ ነበር። በ2012 ዓ.ም. እንደወጣን ኮሮና መጥቶ ውድድሩ ተሰረዘ። ከዚያ ጨዋታው በተመረጡ ከተሞች እየዞረ ሲካሄድ «ሠራተኞቹ»ን በዲኤስቲቪ ማየት ጀመርን። እርስዎ ወራጅ ቀጠና የምትለዋን ቃል ከጋዜጠኛው አፍ በሰሙ ቁጥር ቴሌቪዥኑን ይቆጡት ነበር። አብዛኞቹ ክለቦቻችን የሚኖሩት በከተማ አስተዳደርና በመንግሥት ተቋም በጀት ነው። ከሊግ ሲወርዱ በጀቱም፣ ተጫዋቹም፣ ሹሙም አብሮ ይሸሻል። እንዲህ ባለ ቦታ ማንም ለከርሞ ብሎ ዘንድሮ አይሸነፍም።

መውረድ መኖሩ ብቻ ግን ከዚህ ነገር ያድናል ማለቴ አይደለም። ሽንፈት የሚያተርፍበት ቀዳዳ ካለ ሰው የትም ያገኘዋል። እ.ኤ.አ. በ1998 በእስያው ታይገር ካፕ ታይላንድና ኢንዶኔዥያ ሁለቱም ከአስተናጋጇ ቬትናም ጋር ላለመገናኘት ማሸነፍን ሸሹ። በመጨረሻ አንድ የኢንዶኔዥያ ተከላካይ ኳሱን አውቆ የራሱ መረብ ውስጥ ከተተው። ተጫዋቹ ከዓለም አቀፍ ጨዋታ ዕድሜ ልክ ታገደ፤ ሁለቱም ቡድኖች በግማሽ ፍጻሜው ተሸነፉ። እ.ኤ.አ. በ2012 የለንደን ኦሊምፒክም ከቻይና፣ ከደቡብ ኮሪያና ከኢንዶኔዥያ የመጡ አራት የሴቶች የባድሜንተን ጥንዶች የሚመቻቸውን ተጋጣሚ ለማግኘት ሲሉ ለመሸነፍ ሲሽቀዳደሙ ተይዘው ተባረሩ።

ስለዚህ ለኮሚቴው የምመክረው ይህን ነው። መጨረሻ የወጣው ሰፈር ከትምህርት ቤት የሚመጡትን አዳዲስ ልጆች ቀድሞ ይምረጥ ካላችሁ፣ ይምረጥ፤ ደካማን መርዳት ነውር አይደለም። ግን ሦስት ሁኔታ አስገቡበት። አንደኛ፣ ሁለት ክረምት በተከታታይ መጨረሻ የወጣ ሰፈር ቅድሚያው ይቅርበት። ሁለተኛ፣ ቡድኑ በእያንዳንዱ ጨዋታ ያለውን ምርጥ ልጅ ማሰለፉን ተቃራኒዎቹ ሰፈሮች ይመስክሩለት። ሦስተኛ፣ ዋስ ይጥራ፤ ዋሱም ከሌላ ሰፈር የመጣ ሽማግሌ ይሁን። ጀፎረ መስክ ላይ ተቀምጦ ጨዋታውን ሁሉ ያየ ሽማግሌ ከ14 ኳስ ይበልጣል።

ይህን ጽፌ ላሽግ ስል እትዬ ከእናንተ ቤት ደወለችልኝ። ዝናቡን ነገረችኝ፣ የቅቤውን ዋጋ ነገረችኝ፣ ሳታስበው ደግሞ የውድድሩን ውጤት ነገረችኝ። ለካ ዘንድሮ መጨረሻ የወጣው የእኛው ሰፈር ነው። ለካ በመጨረሻው ጨዋታ ቀን በረኛውን ለመስቀል የማረቆ በርበሬ እንዲያመጣ ብለው ቡታጅራ የላኩት እርስዎ ኖረዋል። ሁለቱ አጥቂዎች በዚያው ሰዓት ሱቅዎ ውስጥ ዕቃ ይቆጥሩ ነበር አሉ። በረኛ ሆኖ የቆመው ደግሞ መነጽሩን የረሳው የሱቅዎ ጸሐፊ ነው። ስድስት ለባዶ!

አጎቴ፣ እኔ ምንም አልጠረጠርኩም። በርበሬ በጊዜ መገዛት አለበት፣ ዕቃም መቆጠር አለበት። ፊላደልፊያን ሦስት ዓመት የፈጀበትን እርስዎ በአንድ ከሰዓት በኋላ ጨርሰውታል፤ ዘመድ መሆኔ ኩራት ነው የሚሰማኝ። ኮሚቴው ፊት ሲቀርቡ ብቻ «ዋስ ሁነኝ» እንዳይሉኝ። እኔ የሌላ ሰፈር ሰው አይደለሁም፣ ሕጉ አይፈቅድልኝም።

ለሁሉም ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ። መልካም አዲስ ዓመት፣ መልካም መስቀል ይሁንላችሁ።

አክባሪዎ፣ የወንድምዎ ልጅ

ማሳሰቢያ፦ ወደዚህ የሚመጣ ሰው ካገኙ ከዚያ ከቡታጅራው በርበሬ ሁለት ኪሎ ያህል ላኩልኝ። ማስረጃው ቤትዎ ባይገኝ ይሻላል፤ እኔ እዚህ በልቼ አጠፋዋለሁ።